የኤሊት ቅልና የበሬው ፍርድ

ተቀመጡ እስቲ። አንተም ተጠጋ፣ ለእህትህ ቦታ ልቀቅላት። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ መሃል ላይ «ግን እኮ» የሚል ካለ ነገሩን እተወዋለሁ። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ «ግን እኮ» ነውና አንጀቴን አታቃጥሉት።

ድሮ፣ ድሮ ከሚባለውም በፊት፣ እንስሳት እንደ ሰው ሸንጎ ተቀምጠው ሲሟገቱ፣ ስሙን ዛሬ ማንም በማያስታውሰው አገር አንድ ትልቅ ወንዝ ነበረ። ከወንዙ ወዲህ ያለው መሬት ድንጋይና እሾህ ነው፤ በጋ ሲገባ ሣሩ ነዶ አፈር ብቻ ይቀራል። ከወንዙ ወዲያ ደግሞ ጨፌ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ ለምለም። እንግዲህ ሆድ ያለው ሁሉ መሻገር ግዴታው ነው። ወንዙ ውስጥ ደግሞ አዞ አለ።

ይህ አዞ አርጅቷል። እንደ ወጣትነቱ ተወርውሮ መያዝ አይችልም፣ ጥርሱም ሳስቷል። ሥራው ከመሻገሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከአዘቅቱ ውስጥ ተኝቶ፣ ደክሞት የሰጠመውን ውሃው ራሱ ጎትቶ እስኪያመጣለት መጠበቅ ነው። ውሃ ያመጣል፣ አዞ ይበላል። በየበጋው ከመንደሩ አምስት ስድስት ነፍስ እንዲህ ሆኖ ያልቅ ነበር።

ይህን ያስቀረችው እመት ኤሊት ናት። ለራሷ እንኳ ምንም አያስፈልጋትም፤ ውሃ ቤቷ ነው። ግን ባልንጀራዋ እመት በጊት በየዓመቱ ወንዙ ዳር ቆማ ስትንቀጠቀጥ ማየት ሰለቻት። በግ መቼም ታውቃላችሁ፣ ፀጉሯ ውሃ ከጠጣ ድንጋይ ነው የምትሆነው። ሁለቱ ደግሞ የብዙ ዘመን ጎረቤት ናቸው፤ ክረምቱን በአንድ ዋሻ ነው የሚያሳልፉት፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» ትላለች። ኤሊት ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት፤ ያለቻት በጊት ብቻ ናት። በጊት ብትሞትባት ከማን ጋር ልታወራ ነው?

አንድ ቀን ኤሊት የደረቀ ቅል ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ሲወርድ አየች። ለቀመችው፣ ጓደኛ ፈለገችለት፣ ሁለቱን በገመድ አያያዘችና አንዱን ከበጊት ቀኝ ብብት ስር፣ ሌላውን ከግራ ብብት ስር አሰረችላት። በጊት ጆሮዋ ሳይርስ ተሻገረች። ማዶ ደርሳ ሣሩን ስትግጥ ኤሊት ወዲህ ማዶ ሆና አለቀሰች፤ ደስ ብሏት ነው።

ከዚያ ወዲያ እንስሳቱ ሁሉ ተሰልፈው ቅል ይታጠቁ ጀመር። ኤሊትም እያንዳንዱን ስታስታጥቅ አንድ ቃል ነበራት። «ቅል ከብብት፣ ዓይን ከውሃ፣ አፍ ዝግት!» ትላለች። ቅሉን ሌላ ቦታ አትሰሩት፣ ውሃው መሙላቱን መጉደሉን እዩ፣ እየዋኛችሁ አታውሩ ማለቷ ነው። ከዚህ የቀለለ ነገር አለ? የለም።

ሦስት በጋ አለፈ፤ አንድም ነፍስ አልጠፋም። እዚህ ላይ ግን ኤሊት አንድ ስህተት ሠራች፤ ብወዳትም አልደብቅላትም። ኩራት ያዛትና «ቅል የታጠቀ አይሞትም!» ማለት ጀመረች። በየገበያው «ቅል የታጠቀ አይሞትም!»፣ በየሰርጉ «ቅል የታጠቀ አይሞትም!» ይህች ቃል ከአፌ ባልወጣች ኖሮ እያለች በኋላ ስትቆጭ ኖራለች።

መጀመሪያ የመጣው ጣጣ የአያ አህዮ ነው። አህያ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት ገመድ ደረቱን ሲያጣብቀው የኖረ ፍጥረት ነው። ኤሊት ገመዱን በደረቱ ልታዞርለት ስትል ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ገመድ ነዋ! ቅሉ በምን ይታሰር?»

«በደረቴ? በጭራሽ! እኔ ከጌታዬ ቤት የጠፋሁት ከዚህ ገመድ ላመልጥ ነው። ዛሬ በደረቴ ቅል፣ ነገ በጀርባዬ ጤፍ!»

«ኧረ አንተ! ባዶ ቅል እኮ ነው!»

«ሁሉም ሲጀምር ባዶ ነው» አለ አህያ።

ኤሊት «ቅል ከብብት፣ ዓይን ከውሃ፣ አፍ ዝግት!» ብላው ሌላውን ለማስታጠቅ ዞር ስትል፣ አያ አህዮ ሁለቱን ቅሎች አንስቶ ከኋላ እግሮቹ ላይ አሰራቸው። ከዚያ ገባ። ምን ይሆናል ብላችሁ ነው? ቅል የታሰረበትን ወደ ላይ ያነሳል፣ ሌላ ሥራ አያውቅም። የአህያ ቂጥ ወደ ሰማይ፣ ጭንቅላቱ ወደ አሸዋ! ሁለት ኮቴ አየር ላይ ሲራገጥ ከዳር ያየ ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ኤሊት ከስር ገብታ ገመዱን በአፏ በጥሳ፣ በጅራቱ ጎትታ ዳር ባታደርሰው አልቆለት ነበር። ግማሽ ወንዝ ተፋ። ተፍቶ ሲጨርስም «እግዜር ይስጥሽ» አላለም።

«ቅሉ ሊገድለኝ ነበር!» አለ።

«የት አሰርከው?»

«ሊገድለኝ ነበር!»

«አያ አህዮ፣ የት አሰርከው ነው የምልህ?»

«ሊገድለኝ ነበር እኮ ነው የምልሽ!»

ከዚህ ጋር ምን ትነጋገራላችሁ? ኤሊት አንገቷን አስገባች። እሱ ግን ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ «ቅል ሊገድለኝ ነበር» ይላል፤ የት እንዳሰረው ግን ለማንም አልተናገረም።

ሁለተኛው ጣጣ አያስቅም። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ይባላል፤ ይህችኛዋ እመት ፍየሊት ሳትደርስም የምትበጥስ ነበረች። አንድ ቀን ከወንዙ ራስጌ ሰማዩ ጠቆረ። ውሃው ቀላ፤ ግንድ ይዞ፣ አፈር ይዞ መውረድ ጀመረ። ኤሊት ከመሻገሪያው ፊት ቆማ «ዛሬ ማንም አይገባም! ደራሽ እየመጣ ነው፣ ውሃው ሲቀላ አታዩም?» ትላለች።

ፍየሊት ቅሏን ታጥቃ በጎኗ አለፈቻት። «ቅል የታጠቀ አይሞትም ብለሽ የለም እንዴ? ይኸው ታጥቄያለሁ!»

«እኔ ያልኩት እኮ...»

«ያልሽውን ብለሻል!» አለችና ዘላ ገባች።

ሁለቱ ቅሎች አንሳፈፏት፤ ውሸት አልተናገርንም። እየተንሳፈፈች ሳለች አንድ ግንድ መጥቶ መታት። ገመዱ ተበጠሰ፤ ቅሎቹ ለብቻቸው ወረዱ። የዚያን ዕለት አዞ ከሦስት በጋ ረሃብ በኋላ ጠግቦ አደረ።

ኤሊት ሦስት ቀን ከቅርፊቷ አልወጣችም። በጊት ከደጇ ተኝታ «አይዞሽ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? ከልክለሻት አልነበር?» ስትላት ከውስጥ በቀጭን ድምፅ «አይሞትም ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። በጊትም አብራት አለቀሰች።

አዞ ሲጠግብ ደግሞ አሳብ መጣለት። በወንዙ ላይ ቅርንጫፉን ከዳር እስከ ዳር የዘረጋ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበረ፤ እመት ጦጢት የምትኖረው እዚያ ነው። ወዲህ ማዶ ቁርስ፣ ወዲያ ማዶ ምሳ፣ ሁሉንም በቅርንጫፍ ላይ ነው የምትመላለሰው። እግሯ ውሃ ነክቶ አያውቅም። ሥራዋም ክርክር ነው። ፀሐይ ወጣች ስትሏት «ማን አያት?» የምትል ጦጣ ናት።

አዞ ከዋርካው ስር ራሱን አወጣ። «እመት ጦጢት፣ እንደርስዎ ያለ አዋቂ በዚህ አገር የለም። እስቲ ይንገሩኝ፣ ያች ምስኪን ፍየል ቅል ባትታጠቅ ኖሮ በደራሽ ውሃ ትገባ ነበር?»

ጦጢት ጭራዋ ቀጥ አለ። «አትገባም!»

«እኔም ይኸው ሲያንገበግበኝ አደረ። ከእንግዲህ ስንት ነፍስ ይሆን በዚህ ቅል የሚያልቅ?»

«ይህማ ሸንጎ የሚገባው ነገር ነው!» አለች ጦጢት። ጉቦ በላች ብላችሁ እንዳትጠረጥሩ። አንዲት ፍሬ አልበላችም። እሷ ሰው ካደመጣት ጠገበች ማለት ነው። ጉቦማ በልታ ቢሆን እኔም እንዲህ ባልተናደድኩ።

ሸንጎው ከዋርካው ስር ተሰየመ። ዳኛው አያ በሬ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ክፉ የማይናገር፣ የሰማውን ሁሉ ሳያመሰኳ የማይፈርድ። ኤሊት ከፊት ተቀመጠች፣ በጊት ከጎኗ። ጦጢት ቅርንጫፉ ላይ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጌታዬ፣ እኔ ቅልን አልጠላም» ብላ ጀመረች። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው ምን ሊል እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ግን እኮ እንመርምር። አያ አህዮ፣ ማን ሊገድልህ ነበር?»

«ቅል!» አለ አህያ።

«እመት ፍየሊትን ወደ ደራሹ ያስገባት ማን ነው? የቅል ድፍረት! ድሮ ሰው ውሃ ይፈራ ነበር፤ ዛሬ ቅል ታጥቆ ወንዙን ይንቃል። ደግሞስ በዚህ በጋ ወንዙ ያገኛቸው እንስሳት ስንት ናቸው? ሁለት። ሁለቱም ቅል ታጥቀዋል! ቅል ያልታጠቀ አንድም አልተጎዳም!»

ሸንጎው «እህህ! እውነት ነው!» አለ።

የኤሊት ደም ፈላ። «ኧረ በፈጠራችሁ! ሁሉም ቅል እየታጠቀ ነው የሚሻገረው፤ ታዲያ የሚጎዳው ከየት መጥቶ ቅል ያልታጠቀ ይሁን? ሁለቱም ጆሮ ነበራቸው፤ ጆሮ ነው የጎዳቸው? በደህና የተሻገሩትን ስንት መቶ እንስሳት ለምን አትቆጥሪም? ቅል ከመምጣቱ በፊት በየበጋው ስንት ነበር ያለቀሳችሁት? ረሳችሁት?»

«ያለፈውን እንተወው» አለች ጦጢት።

«እንዴት ነው የምንተወው?»

በዚህ መሃል አዞ ከውሃው ዳር ራሱን ብቅ አድርጎ ተንሰቀሰቀ። «እኔ የወንዙ ጎረቤት ነኝ፣ ጌታዬ። የሚሆነውን ሁሉ በቅርብ የማየው እኔ ነኝ። ልቤ አልቻለም!» እንባው ኮለል አለ። አህያም አብሮ አለቀሰ። አዞ ምን እየበላ እንደሚኖር የጠየቀ አንድም አልነበረም። አንድም!

አያ በሬ ወደ ኤሊት ዞረ። «እመት ኤሊት፣ ስለ ፍየሊት ለተነሳው ነገር ምን ትመልሻለሽ?»

ኤሊት መዋሸት ትችል ነበር። ግን ያንን ሦስት ቀን አስታወሰችና እውነቱን ተናገረች። «እሱስ እውነት ነው። ቅል የታጠቀ አይሞትም ብዬ ነበር፤ ማለት አልነበረብኝም። ፍየሊት ቅሉን አምና ውሃውን ሳታይ ገባች። ጥፋቱ የኔም ነው። ይህን ማረም አለብን፣ ውሃ ሲሞላ የማይገባበት ሥርዓት ማውጣት...»

«አመነች!» ብላ ጮኸች ጦጢት ከላይ። «ሰማችሁ? በአፏ አመነች!»

«አመነች! አመነች!» አለ ሸንጎው፤ የቀረውን ቃሏን የሰማም የለም። እውነት የተናገረ እንዲህ ነው የሚደረገው እንግዲህ።

አያ በሬ «እስቲ ላመስኳበት» አለ። አመሰኳ። ጥላው ዞረ፣ እሱ ያመሰኳል። ትንኙ ሁሉ ጠግቦ ሄደ፣ እሱ ያመሰኳል። በመጨረሻ ዋጠና ተነሳ።

«ሽምግልና ማለት ማስታረቅ ነው» አለ። «አንዱን አስከፍቶ አንዱን ማስደሰት የአባቶቻችን ወግ አይደለም። ኤሊት ሁለት ቅል ይሁን ትላለች፤ ጦጢት ምንም አይሁን ትላለች። እንግዲህ ኤሊት፣ አንቺም ስለኛ ብለሽ አንድ ተይ፤ ጦጢት፣ አንቺም ስለኛ ብለሽ አንድ ጨምሪ። ከዛሬ ጀምሮ ለእያንዳንዱ አንድ ቅል ይሁን። ይህን ዕርቅ ያፈረሰ ከማኅበራችን ይውጣ!»

እልልታው ቀለጠ። «የተባረከ ሽማግሌ!» «ምን ያለ ፍርድ ነው!» «ተሳሳሙ፣ ተሳሳሙ!» ይባባላሉ። ጦጢት ከቅርንጫፉ ወርዳ ኤሊትን ልትስም መጣች።

ኤሊት ግን ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። «አያ በሬ! እናትህ አንተን ስታረግዝ የማውቅ ነኝና ልናገር! እኔና ጦጢት እኮ ከብት አልተዘራረፍንም! የተጣላነው እርስ በርሳችን አይደለም፣ ከወንዙ ጋር ነው! ወንዙን ማን ጠየቀው? እሱስ ለዕርቁ ሲል ግማሹን ይተዋል? አንድ ቅል እኮ ምንም ካለመታጠቅ የከፋ ነው! አንድ ጎን ብቻ አንስቶ ይገለብጣል!»

«የታረቀ ነገር አይቀሰቀስም» አለ በሬ በትሕትና። «ችሎቱን አትዝለፊ።»

በማግስቱ የመጀመሪያው ተራ የማን ነበር መሰላችሁ? የበጊት።

ሣሩ ካለቀ ሰንብቷል፤ በጊት የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ካልተሻገረች ራቡ ይገድላታል፤ በአንድ ቅል ከተሻገረች ውሃው። ኤሊት በማለዳ ሁለት ቅል ይዛ መጣች።

«ባክሽ ሁለቱን ታጠቂ። ፀጉርሽ ወፍራም ነው፣ ውስጡ ብንደብቀው ማን ያይሻል?»

«ሽማግሌ የፈረደውን?» አለች በጊት ደንግጣ። «ከማኅበር አስወጥተውኝ የት ልገባ ነው? ብሞት ማን ይቀብረኛል?»

«እንዳትሞቺ እኮ ነው የምልሽ!»

«አያ በሬ መቼም ያን ያህል አመስኩቶ አይሳሳትም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ያመሰኳው ሣር ነው!» አለች ኤሊት። ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ አለቀሰችባት። በጊት ግን በግ ናት፤ መንጋው የሄደበትን ትታ ሄዳ አታውቅም። አንዱን ቅል በቀኝ ብብቷ ታጠቀች። ኤሊትም እንባዋን እየዋጠች ያችኑ ቃል አለቻት። «ቅል ከብብት፣ ዓይን ከውሃ፣ አፍ ዝግት።» ከዚያ በጊት ሳታያት ቀስ ብላ ከኋላዋ ውሃ ውስጥ ገባች።

አገሩ ሁሉ ዳር ቆሞ ያያል። በጊት ጥቂት ሄደች። ከዚያ ቀኟ ብድግ፣ ግራዋ ዝቅ አለ። ትንሽ ቆይቶ የግራ ጎኗ ፀጉር ውሃ ጠጣና ከበደ። ተንጋደደች። «እመት ኤሊት!» ብላ አንድ ጊዜ ጮኸች፤ አፏ ውሃ ሞላ፤ ተገለበጠች። ከአዘቅቱ ውስጥ ደግሞ አዞ አፉን ከፍቶ ይመጣል።

ኤሊት ቀድማ ከስሯ ደረሰች። ጀርባዋን ከበጊት ግራ ብብት ስር አስገብታ ሽቅብ ገፋች። በአራት እግሯ ውሃውን እየቀዘፈች፣ «አይዞሽ፣ ተንፍሺ! ተንፍሺ እንጂ አታውሪ!» እያለች ጎተተቻት። አዞ ደረሰ። የበጊትን ሆድ አይቶ ጎረሰ። የጎረሰው ግን ከስር ያለችውን ነው፤ የኤሊትን ጀርባ። ቀጭ አለ! የሳሱት ጥርሶቹ ከፊት እስከ ኋላ ረገፉ። አዞ አፉን ይዞ ወደ አዘቅቱ ተመለሰ። ያን ጊዜ ያፈሰሰው እንባ የእውነት ነበር።

ሁለቱ እየተንፏቀቁ ወዲህ ዳር ወጡ። በጊት ሆዷ ተነፍቷል፣ ፀጉሯ ግማሹ ተነጭቷል፣ ግን ትተነፍሳለች። የኤሊት ጀርባም ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል፤ እስከ ዛሬ ኤሊ ሁሉ ያ ስንጥቅ አለው። 

ታዲያ መጀመሪያ ማን ቢናገር ጥሩ ነው? ጦጢት ናት፣ ከዋርካው ላይ።

«አያችሁ!» አለች እጇን እያጨበጨበች። «ቅል ታጥቃ እንኳ ልትሞት ነበር! ቀድሞውኑ ምን ብዬ ነበር?»

አቤት! አቤት! እስቲ አሁን እንዲህ ያለውን ምን ያደርጉታል?

ኤሊት እየደማች ተነሳች። አልጮኸችም። «አያ በሬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ድግስ ላይ ጠጅ አሳላፊ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?»

«በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳላ» አለ በሬ። «ቀምሶ ነው ለእንግዳ የሚያቀርብ። ወጋችን ነው።»

«ይህን የአንድ ቅል ፍርድ ለበጊት ከማቅረባችሁ በፊት ማን ቀመሰው?»

በሬ ወደ ውሃው አየ። ወደ መሬት አየ። «እስቲ ላመስ...» ብሎ ጀመረና አፈረ፤ ዋጠው።

«ትቅመስ!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። አያ አህዮ ነው፤ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብልህ ነገር ተናገረ። «ጦጢት ትቅመስ!» ሸንጎው ሁሉ ተቀበለው። «ትቅመስ! ትቅመስ!» ጦጢት ወደ ላይ ልትሮጥ ስትል በሬ ጭራዋን በአፉ ያዘና አምጥቶ ከውሃው ዳር አስቀመጣት።

ጦጢት ወንዙን ከቅርብ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ውሃው እግሯን ነካት። ሰፊ ነው። ይጮኻል። ታቹ አይታይም።

«ምን ላስታጥቅሽ?» አለቻት ኤሊት። «ምንም? አንድ? ወይስ ሁለት?»

ጦጢት አንድ ነገር በጉሮሮዋ አጉረመረመች።

«አልሰማሁሽም።»

«ሁለት!»

«ጮክ በይ፣ አያ በሬም ይስማ።»

«ሁለት! ሁለት አልኩ! ሦስተኛ ካለም ጨምሪልኝ!»

«ቅል ይገድላል ስትዪ አልነበር እንዴ?»

«እሱማ ከዛፍ ላይ ሲያዩት ነው!» አለች ጦጢት፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ኤሊት ግን አልሳቀችም። ሁለቱን ቅሎች በደንብ አስራ፣ «ቅል ከብብት፣ ዓይን ከውሃ፣ አፍ ዝግት!» ብላ ገፍታ ለቀቀቻት። ጦጢት በደህና ተሻገረች። አፏንም ዘጋች፤ ከተወለደች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ፍርዱ በዚያው ቀን ተሻረ። ኤሊትም አሸነፍኩ ብላ አልፎከረችም። ከመሻገሪያው አጠገብ አንድ ድንጋይ አቆመችና «ውሃው ይህን ከሸፈነ ለእናቴ ልጅም ቅል አላስታጥቅ» አለች። ለአህያም ተቀምጣ፣ ጭነት የማይመስለው ሰፊ ለስላሳ የቆዳ ማንገቻ ሠራችለት። ልኩን ስትወስድ «ይህን ቀድሞ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ብትለው፣ «ቀድሞ ብትጠይቂኝስ?» አላት። እውነቱን ነው።

በጊትም ሁለት ቅሏን ታጥቃ ተሻገረች፤ በልታም ወፈረች። ሸንጎው ግን ሸንጎ ነውና አንድ ቀን እንደገና ኤሊትን ከበባት። «እሺ፣ ቁርጡን ንገሪን። ቅል ያድናል ወይስ ይገድላል?»

ኤሊት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። የፍየሊትን ነገር ዛሬም አልረሳችም። «ፍየሊትንም አንሳፍፏት ነበር እኮ» አለች። ከዚያ አንዲት ቃል ተናግራ ወደ ውሃዋ ገባች።

እኔም አፌ ደረቀ፤ ወንዙም መንገዱን ሄደ፤ ከሁሉ የቀረችልን ያች የኤሊት ቃል ናት፦

ቅል ያንሳፍፋል፣ ልብ ያሻግራል።